ከሰኔ 30 በፊት መግባት ያለበት ገንዘብ

ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ የሚጻፈውን እየፈለግሁ አነባለሁ። ስለ ዋልያ ቀንድ፣ ስለ ቀይ ቀበሮ ቁመና፣ ስለ ጭላዳ ጎፈር ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፍ። ስለ ጥበቃ ሠራተኛው ደመወዝ፣ ስለ ቦት ጫማውና ስለ ሞተር ብስክሌቱ ቤንዚን የሚጽፍ ግን እምብዛም አላገኝም። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በውጭ እርዳታ የሚንቀሳቀሱ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮጀክቶችን መዝገብ ስይዝ ነው ዕድሜዬ የሄደው። ፎቶግራፍ ላይ የሚወጣውን ጥበቃ ሌሎች ያውቁታል፤ እኔ የማውቀው ደረሰኝ ላይ የሚወጣውን ነው።

ቤቴ ሱሉልታ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ። ሜዳው በክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ በመስከረም አደይ ይለብሳል፣ ከጥቅምት ወዲህ ሣሩ ታጭዶ፣ ደርቆና ታስሮ በአይሱዙ ወደ ከተማው ላም አርቢዎች ይጫናል። እዚህ ሣር ገንዘብ ነው። ጎረቤቴ ልጆቿን ያስተማረችው በወተትና በድርቆሽ ነው። በየትኛው ወር አንድ እስር በስንት እንደተሸጠ ጠይቋት፤ ሳታመነታ ትነግራችኋለች። ሜዳው ግን በየዓመቱ ይጠብባል። ቦይ ይቀደድና ውሃው ይሄዳል፤ ውሃው ከሄደ በኋላ ደግሞ አጥር ይመጣል፣ ከአጥሩ ቀጥሎ መጋዘን። በማለዳ አትሌቶች በሚሮጡበት ዳር ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘውን ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ አሁንም አየዋለሁ። ሌላዋን ግን አይቻት አላውቅም።

ሌላዋ የምላት በሳይንሳዊ ስሟ ሳሮትሩራ አይረሲ የምትባለው፣ በእንግሊዝኛ ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል የሚሏት ከድንቢጥ ጥቂት የምትበልጥ የረግረግ ወፍ ናት። ሣር ውስጥ ተደብቃ ነው የምትኖረው። የክንፏ ነጭ የሚታየው ስትበር ብቻ ነው፤ የምትበረውም ካልተገደደች በቀር አይደለም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ መዝግቧታል፤ ለመራባት የደረሱት ቁጥራቸው ከ250 እንደማይበልጥም ይገመታል። ስትራባ በማያሻማ ማስረጃ የታወቀችው ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ደጋ ረግረጎች ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሚድልፑንት በተባለ ረግረግ የተተከሉ ካሜራዎች እዚያም እንደምትፈለፍል አሳዩ። በአገራችን ከተመዘገበችባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይኸው የእኔ ሱሉልታ ነው። ሌላው በርጋ ነው፤ የሆለታን መንገድ ይዞ ወደ አዲስ ዓለም በኩል የሚገኘው ረግረግ።

ስለ በርጋ ልናገር። ወፏ እዚያ እንደምትራባ የታወቀው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፤ በር የለውም፣ መግቢያ ክፍያ የለውም። የገበሬዎች የግጦሽና የድርቆሽ መሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፣ የዓለም አቀፉ የወፎች ጥበቃ ድርጅት የበርድላይፍ ኢንተርናሽናል አጋር ነውና፣ ከአካባቢው ሰዎች ጋር ተቀመጠ። የደቡብ አፍሪካው ሚድልፑንት ዌትላንድ ትረስትና በርድላይፍ ሳውዝ አፍሪካ ገንዘብ አሰባሰቡ። በዚያ ገንዘብ ለወፍ ማያ ማማ አልተሠራም። የተሠራው ለበርጋ ልጆች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ነዋሪዎቹም በበኩላቸው ቡድን አቋቁመው ወፏ በምትፈለፍልበት ጊዜ ከብት ከረግረጉ ለማራቅ፣ ሣሩንም ጫጩቶቹ ሳይወጡ ላለማጨድ ተስማሙ።

ይህ ስምምነት ለገበሬው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ካልተረዳን ስለ ሽርክና የምናወራው ሁሉ ባዶ ነው። ወፏ የምትፈለፍለው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ያ ወቅት ደጋ ላይ ግጦሽ የሚጠፋበት ነው፤ ማሳው ሁሉ በሰብል ተይዟል፣ ባለፈው ዓመት የተከመረው ድርቆሽ ተሟጧል፣ በሬው የበጋውን የእርሻ ድካም ገና አላራገፈም። ለምለም ሣር ያለው ረግረጉ ላይ ብቻ ነው። «እዚያ አታሰማራ» ማለት ለአንድ አባወራ ከኪሱ ገንዘብ አውጣ ከማለት አይለይም። ወጪው የውጭ ለጋሽ መዝገብ ላይ አይታይም እንጂ የበርጋ ገበሬ ከማንኛውም ለጋሽ ቀድሞ ነው የከፈለው። እኔ ብሆን በዓመታዊ ሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ፣ ከአርማዎቹ ሁሉ በላይ፣ የእነርሱን መዋጮ ነበር የማሰፍረው።

በአንድ የመስክ ጉዞ ላይ አንድ አዛውንት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ሌሎቹ እንግዶች ስለ ወፏ ሲጠይቁ እሳቸው ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ሂሳብ ያዥዋ አንቺ ነሽ አሉ። ይህ ገንዘብ ስንት ዓመት ይቆያል?» አሉኝ። «በሰነዱ ላይ ሦስት ዓመት ነው አባባ» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ወፏስ?» አሉ። እስከ ዛሬ ካነበብኳቸው የፕሮጀክት ግምገማዎች ሁሉ ይህን ጥያቄ ያህል ወደ ነገሩ ሥር የገባ አላየሁም።

ምክንያቱም የገንዘቡ ዕድሜና የፍጥረቱ ዕድሜ አይገጣጠሙም። ከሆለታ አጠገብ ወዳለው እንስሳ ኮቴ ማዕከል ሂዱና ተመልከቱ። በርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በ77 ሄክታር ላይ የሚያስተዳድረው ነው፤ ከሕገወጥ ንግድና ከጠባብ ጎጆ የተወሰዱ አንበሶችና አቦሸማኔዎች ይኖሩበታል። ከእናቱ ጡት ተነጥቆ ያደገ የአቦሸማኔ ግልገል አደን አያውቅም፤ ብዙዎቹ ወደ ዱር አይመለሱም። አንድ አንበሳ በእንክብካቤ ሥር 20 ዓመት ሊደርስ ይችላል። አንበሳ ሲቀበሉ የሁለት አሥርት ዓመታት ሥጋ፣ አጥርና ሐኪም ተቀበሉ ማለት ነው። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ በሦስት ዓመት ፕሮጀክት አይገኝም፤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ከሚልኩ ብዙ ሰዎች ነው የሚመጣው። እንዲህ ያለው ለጋሽ ሪባን ሊቆርጥ አይመጣም፤ እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የማከብረው እርሱን ነው።

ባሌም እንዲሁ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ፤ አብዛኞቹ ያሉት ባሌ ተራሮች ነው። የሚጨርሳቸው ከመንደር ውሻ የሚጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን ይከትባል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ ክትባቱን በሥጋ ውስጥ አድርጎ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው ማብላት ጀምሯል። ባሌ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ውሻው ግን ዘንድሮም ይወልዳል፤ ቡችላው ዘንድሮም ክትባት ይፈልጋል። አንድ ዓመት ገንዘቡ ቢዘገይ የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ወረርሽኝ ሊሄድ ይችላል።

አጋር ሲለቅ ምን እንደሚሆንም አይተናል። ፓርኮችን ተረክቦ የሚያስተዳድረው አፍሪካን ፓርክስ የነጭ ሳርንና የኦሞን ብሔራዊ ፓርኮች በ2000ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ተረክቦ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቷል። የመሬቱና የነዋሪዎቹ ጉዳይ እልባት አላገኘም ነበር። በአንጻሩ በሰሜን ሸዋ ያለውን የመንዝ ጓሳ የሣር መስክ ተመልከቱ፤ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሰዉ ራሱ መርጦ በሾመው አባ ቄራ እየተመራ፣ ጓሳውን ለዓመታት ዘግቶ በተወሰነ ጊዜ እየከፈተ ጠብቆታል። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ሕዝቡ መልሶ በአዲስ መልክ አቋቁሞታል። የፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበር ድጋፍ ሲመጣ የሚደገፍ ነገር ቆሞ ነበር የጠበቀው።

ስለ ደረሰኝ እንመለስ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ጥብቅ ሥፍራ ለጥበቃ ሠራተኞች ሞተር ብስክሌቶች ተገዙ። ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ርክክብ ተደረገ፣ ፎቶግራፍ ተነሳ። የቤንዚን መደብ ግን በበጀቱ ውስጥ አልነበረም፤ ለጋሹ «የሥራ ማስኬጃ ወጪ አንሸፍንም» የሚል መመሪያ ነበረው። ሞተሮቹ ሸራ ለብሰው ቆሙ፤ የጥበቃ ሠራተኞቹ በእግራቸው መዞር ቀጠሉ። ይህን ስጽፍ አሁንም ይቆጨኛል። የዕቃ ግዢ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ጥበቃ ማለት ግን የሥራ ማስኬጃ ወጪ ራሱ ነው። ደመወዝ፣ ስንቅ፣ ነዳጅ፣ የዝናብ ልብስ፣ የሬዲዮ ባትሪ። ከዚህ ውጭ ምን ጥበቃ አለ?

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ የሚያሳስበኝም ይበልጥ እርሱ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 ይከፈታል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ግዢ ይቆማል፣ ሂሳብ ይወራረዳል፣ አዲሱ በጀት ተደልድሎ እጅ እስኪገባ ሳምንታት ያልፋሉ። የብዙ የውጭ ለጋሾች ዓመት ደግሞ ከጥር እስከ ታኅሣሥ በፈረንጆች ነው፤ የግማሽ ዓመት ሪፖርታቸውን ተቀብለው ቀጣዩን ክፍያ የሚለቁት በሐምሌና በነሐሴ መካከል ነው። ሁለቱም ኪሶች በአንድ ጊዜ ይደርቃሉ። መቼ? ረግረጉ ሲሞላ፣ ከብቱ ሲርበው፣ ወፏ እንቁላል ስትጥል! ዘበኛው አብዝቶ በሚያስፈልግበት ወር ደመወዙ ይዘገያል። ይህን የፈጠረው የማንም ክፋት አይደለም፤ ሁለት የቀን መቁጠሪያዎች ሐምሌ ላይ ስለተላለፉ ነው። መፍትሔውም አይከብድም፦ የክረምቱ ሦስት ወር ወጪ በግንቦት ተለቅቆ በአካባቢው ማኅበር ሂሳብ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ለጋሽ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ከአዲስ መኪና ይልቅ ይህን አንድ መስመር በውሉ ውስጥ አስገቡ።

በሱሉልታ የማስበውም ይህንኑ ነው። ያልታጠረና ውሃ የሚተኛበት የሜዳው ቁራጭ አሁንም አለ። ከጎረቤቴና ከሌሎች ባለይዞታዎች ጋር ስንነጋገር ሰንብተናል፦ እስከ መስከረም መጨረሻ ላያሰማሩ፣ ቦይ ላይቀድዱ፣ በምትኩ የሚያጡትን ድርቆሽ የሚተካ ክፍያ እንዲያገኙ። ያቺ ወፍ ትመለሳለች ብዬ ለማንም ቃል አልገባም፤ ዝይዎቹ ግን አሉ፣ ውሃውም አለ። ለገንዘቡ ባሕር ማዶ ከመመልከታችን በፊት በዙሪያችን ውሃ አሽገው የሚሸጡትን ፋብሪካዎችና ሆቴሎቹን ማነጋገር እፈልጋለሁ። ጠርሙሱ ላይ የተራራና የለምለም መስክ ሥዕል የሚለጥፍ ድርጅት ለመስኩ ቢከፍል ተገቢ ነው።

የስምምነቱን ረቂቅ ጽፌአለሁ። ያልተስማማንበት አንድ አንቀጽ ቀርቷል፦ ካሣው በሄክታር ይሰላ ወይስ በድርቆሽ እስር? የማማከራቸው ባለሙያዎች በሄክታር ይላሉ፤ ለሪፖርት ይመቻል። ጎረቤቴ በእስር ነው የምትለው፤ እኔም ከእርሷ ጋር ነኝ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ዓመት ሳይሞላ የሚበላሽ የዋጋ ግምት ብዙ አይቻለሁ። በእስር ከተዋዋልን በነሐሴ የሱሉልታ ገበያ ላይ አንድ እስር በስንት ተሸጠ የሚለው ብቻ ነው የሚጠየቀው፤ ያንን ደግሞ እዚህ የማያውቅ የለም።