የቆርቆሮው ማንቆርቆሪያ እና የእናቴ ጀበና

ዋሽንግተን ያለው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ መግቢያው ነፃ ነው። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ወደዚያ ሰፈር ይዘን እንሄዳለን። እኔን ልቤን የወሰደኝን ሥዕል ግን ያገኘሁት ድረ ገጹ ላይ ነው፤ ማታ ከሥራ ገብቼ ስልኬን ስነካካ።

አንድ የድሮ የቆርቆሮ ቡና ማንቆርቆሪያ ነው፣ በውሃ ቀለም የተሣለ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ሰው የለ፣ ጠረጴዛ የለ። መልኩ ጥቁር ነው፤ ሆዱ ላይ ቀይና ቢጫ አበባ አለው። ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ሳይቀር ተሥሏል። ብርሃን ያረፈበት ጎኑ የሚያበራው ነጭ ቀለም ተቀብቶ አይደለም፤ ሠዓሊው ወረቀቱን ባዶውን ትቶት ነው። የውሃ ቀለም አንዴ ካጠቆሩት መመለሻው ከባድ ነው። ስሱ ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ደግሞ ይደረብበታል። ለአንድ ማንቆርቆሪያ ይህን ሁሉ ትዕግሥት!

ታሪኩን ሳነብ የባሰ ገረመኝ። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ላጡ ሠዓሊዎች ደመወዝ እየከፈለ የድሮ የቤት ዕቃ አሣላቸው። ከ1935 እስከ 1942 እ.ኤ.አ. ከ18 ሺህ በላይ ሥዕል ተሠራ። ማሰሮው፣ አሻንጉሊቱ፣ ብርድ ልብሱ፣ ሁሉም። ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ከታወቀም ማን እንደሠራው አብሮ ተመዘገበ።

እኔም ወዲያው ጀበናችን ትዝ አለኝ። በጋቢ ተጠቅልሎ፣ አንገቱ እንዳይሰበር እየተጸለየለት ውቅያኖስ ያቋርጣል። ሲሰነጠቅ ግን ገሉ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል፣ አለቀ። ዘውዱና የብራና መጽሐፉ ሙዚየም አላቸው፤ ይሁን፣ ይገባቸዋል። አቦል ቶና ያጠጣንን ጀበና የሠራችውንስ ማን መዘገባት? የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች የአገሩን ቡና በእጃቸው አስፈልተው፣ ራሳቸው «ቡዳ» እየተባሉ ኖሩ። ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የእህቴ ልጅ እዚህ ትምህርት ቤት ሥዕል ትማራለች። የእናቴን ጀበና ፎቶ ልኬላት በውሃ ቀለም እየሣለችው ነው። ማቶቱን፣ ጥላሸቱን፣ እጀታው ላይ የተጠመጠመውን ሽቦ አንዱንም እንዳትተዪ ብያታለሁ። ጀበናውን የሠራችውን ሴትዮ እናቴ ታውቃታለች፤ ደንበኛዋ ነበረች። ቅዳሜ ስደውል ስሟን እጠይቃታለሁ። ከሥዕሉ ጀርባ ይጻፋል።