በድን መንካት ኃጢአት አልነበረም

ዘኍልቍ 19ን አንብቦ «በብሉይ ኪዳን ሬሳ መንካት ኃጢአት ነበር» የሚል ብዙ ነው። አልነበረም። አባቱን ገንዞ የቀበረ እስራኤላዊ የልጅነት ግዴታውን ተወጣ፤ በዚያው ረከሰ። ጥፋት የሚሆነው ሳይነጻ የቀረ እንደሆነ ነው፤ የእግዚአብሔርን ማደሪያ ያረክሳልና ከሕዝቡ ተለይቶ ይጠፋል።

ማንጫው ቀይ ጊደር ናት፤ ነውር የሌለባት፣ ቀንበር ያልተጫነባት። የሚሽና (የአይሁድ የቃል ሕግ መድበል) ሊቃውንት ከዚህም አጥብቀው ሁለት ጥቁር ጠጕር ከተገኘባት አትሆንም ብለዋል። ከሰፈር ውጭ ትታረዳለች፤ ካህኑ አልዓዛር ከደሟ በጣቱ ወስዶ ወደ መገናኛው ድንኳን ፊት 7 ጊዜ ይረጫል። ቁርበቷ፣ ሥጋዋ፣ ደሟ፣ ፈርሷ ሳይቀር ይቃጠላል፤ የዝግባ እንጨት፣ ሂሶጵ የሚባል ተክልና ቀይ ግምጃ እሳቱ ውስጥ ይጣላል። አመዱ ከሰፈር ውጭ በንጹሕ ስፍራ ይቀመጣል። ሰው ሲረክስ ከአመዱ በዕቃ ተደርጎ የምንጭ ውኃ ይጨመርበትና ንጹሕ ሰው በሂሶጵ ይረጨዋል።

ርኩሰቱ 7 ቀን ይቆያል። መርጨቱ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን ነው፤ በ7ኛው ልብሱን አጥቦ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ሲመሽ ይነጻል። የ3ኛውን ቀን ያሳለፈ በ7ኛው አይነጻም። ብዙ አንባቢ ይህን ይዘለዋል። የሚገርመው ደግሞ ጊደሯን ያቃጠለው፣ አመዱን የሰበሰበው፣ ውኃውን የነካው ሁሉ እስከ ማታ ይረክሳሉ፤ ሌላውን የሚያነጻው ነገር አዘጋጆቹን ያረክሳል።

ሬሳ ባለበት ድንኳን የገባ ሁሉ ይረክሳል፤ መክደኛው ያልታሰረ ማሰሮም እንዲሁ። ሜዳ ላይ ደግሞ አጥንት ወይም መቃብር መንካት ይበቃል። ስለዚህ ነው ሚሽና አዳር በሚባለው የአይሁድ ወር በ15ኛው ቀን መቃብሮች ምልክት ይደረግባቸው የሚለው፤ ምልክቱም ኖራ ነበር። ጌታ ፈሪሳውያንን «በኖራ የተለሰነ መቃብር» ሲላቸው ሰሚው የገባው ከውበቱ ይልቅ «አትቅረቡ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ይመስለኛል።

ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ አመዱም ከጊዜ ብዛት አለቀ። ከካህናት ወገን የሆኑ አይሁድ ግን እስከ ዛሬ ከመቃብር ይርቃሉ። በአገራችን ቤተ እስራኤል ሬሳ የነካን ሰው 7 ቀን ለይተው ያቆዩ ነበር።

ወንጌል ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በናይን ከተማ ጌታ የሟቹን ቃሬዛ ነካ፤ የሞተችውን የኢያኢሮስን ልጅ እጇን ያዘ። በሕጉ መሠረት የሞት ርኩሰት ወደ ነኪው መሻገር ነበረበት፤ እዚህ ሕይወት ከነኪው ወደ ሟች ተሻገረ። ዕብራውያን 9 የጊደሯ አመድ ሥጋን ለማንጻት ከቀደሰ፣ የክርስቶስ ደምማ ሕሊናን እንዴት አብልጦ አያነጻም ይላል። በ3ኛው መቶ ዘመን በሶርያ የተጻፈው ዲድስቅልያ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ይህን ወደ ሥርዓት አወረደው፦ ሬሳን እንደ ርኩስ አትቁጠሩ፣ በመቃብር ስፍራ ተሰብስባችሁ ቁርባን አቅርቡ። ማስረጃው የነቢዩ ኤልሳዕ አጥንት ነው፤ የነካውን ሟች አስነሥቷልና። ሰማዕታት ባረፉበት ላይ መሠዊያ መቆሙም ከዚህ እምነት የወጣ ነው።

በእኛም ቤተ ክርስቲያን ሬሳው ለፍትሐት ወደ ደጀ ሰላም ይገባል፣ በቅጽሩም ይቀበራል። በዘሌዋውያን 12 የተጻፈው የወላድ የመንጻት ቀን (ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80) ግን ጸንቶ ቆይቷል። ከአንድ ሕግ አንዱ ቀርቶ አንዱ የጸናበትን ምክንያት ሊቃውንቱ በሰፊው ቢጽፉበት እወዳለሁ።