የምርመራ ውጤቴን ወንድሜ ሲቀበልልኝ

የምርመራ ውጤታችሁን ማንም እንዲቀበልላችሁ አትፍቀዱ። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት እንኳ ይህችን ያዙልኝ። የጤና ባለሙያዎች «ለውጤት ስትመጡ ሰው ይዛችሁ ኑ» ይላሉ። ምክሩ ጥሩ የሚሆነው ሐኪሙ የሚያናግረው ታማሚውን ከሆነ ነው። እኔ ባየሁት ግን «አስታማሚ ይግባ» ተብሎ ይጠራና ይዛችሁት የመጣችሁት ሰው ገብቶ የእናንተን ነገር ይሰማል፤ እናንተ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ታሞቃላችሁ።

ሞትን አልፈራም ብዬ አልዋሽም። ይበልጥ የምፈራው ግን እንደ አባቴ መሞትን ነበር። አባቴ ጉበቱን ሲታመም ቤተሰቡ በሙሉ ያውቅ ነበር። ጎረቤት ያውቃል፣ የእድሩ ዳኛ ያውቃል፣ ወተት የምታመጣልን ሴት ሳትቀር ታውቃለች። እሱ ብቻ «ይህ ጨጓራ መቼ ነው የሚለቀኝ?» እያለ ይጠይቃል። እኛም «ትንሽ ነው የቀረው» እንለዋለን። አሁን ሳስበው ገብቶት የነበረ ይመስለኛል፤ ዝም ያለው እኛን ላለማሳፈር ነው። ስለዚህ በጡቴ ላይ እብጠት ባገኘሁ ጊዜ ከበሽታው ቀድሞ የታየኝ በማስመሰል የተከበበው የአባቴ አልጋ ነው።

እብጠቱን ያገኘሁት ገላዬን ስታጠብ ነው። አልትራሳውንድ ተነሣሁ፣ ናሙና ተወሰደልኝ፣ ከፈልሁ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለምና ሳትውሉ ሳታድሩ ሄዳችሁ ታዩ፣ የቀረው ወረፋ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ካርድ ሲወጣ ነው። ወንድሜ «ሥራ ላይ ስልክ አታነሺም» ብሎ የራሱን ቁጥር አስመዘገበ። ውጤቱ ሲደርስ የተደወለው ለእሱ ነው፤ ከሐኪሙ ጋር የተነጋገረውም እሱ ነው። ወደ እኔ ሲደርስ «ደኅና ነው፤ ግን ለጥንቃቄ እብጠቱ ቢወጣ ይሻላል» ሆኖ ደረሰ። አመንሁ፣ ስዕለቴንም አስገባሁ።

ከዚያ ቤቱ ተለወጠ። እናቴ በዓል ሳይኖር ከደብረ ብርሃን መጣች። የወንድሜ ሚስት ጾም ከተፈታ ጀምሮ ዶሮ ወጥ በዶሮ ወጥ ላይ ትልካለች። በአንድ የቤት ኪራይ ነገር ለዓመታት የተኳረፈችኝ አክስቴ ብርቱካን ይዛ መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ። ወንድሜ ያበደረኝን ገንዘብ «ተይው» አለኝ፤ ይህ ሰው በሕይወቱ ሳንቲም ትቶ አያውቅም። ልጄ ድምፅ ከፍ ስታደርግ «ዝም በይ፣ እናትሽን» ትባላለች፤ ዓረፍተ ነገሩን የሚጨርሰው የለም። የሚቆጣኝ ሰው ጠፋ። የሚከራከረኝም ጠፋ።

«ሐኪሙ ምንድን ነው ያለህ?» ስለው ወንድሜ «አንቺ ደግሞ ሐሳብ ታበዣለሽ» ይለኛል። ሌሊት ተኝቼ የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ እመረምራለሁ፤ ማን ከማን ጋር ተንሾካሾከ፣ ማን ስገባ ወሬ ቀየረ። ቁርጡን ነግረውኝ ቢሆን የምፈራው አንድ ነገር ነበር። ስላልነገሩኝ ሁሉንም ፈራሁ። ደሜ ውስጥ ነው፣ ጭንቅላቴ ላይ ወጥቷል፣ ወራት ነው የቀረኝ፤ ሌሊቱ ያላመጣብኝ በሽታ አልነበረም።

የቀዶ ጥገናው ዋዜማ ነርሷ የስምምነት ቅጹን ይዛ መጣች። ወንድሜ ብድግ ብሎ «እኔ እፈርማለሁ» አለ፤ እሷም ልትሰጠው እጇን ዘረጋች። እኔ አልጋው ላይ ቁጭ ብያለሁ። በሙሉ አእምሮዬ ነኝ፤ በመሥሪያ ቤቴ ሚሊዮኖች የሚንቀሳቀሱበትን ሒሳብ የምፈርም ሰው ነኝ። ወረቀቱን ከመካከላቸው ነጠቅሁ። የታተመው አማርኛ ነው፤ ባዶው ቦታ ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በዚያ በሐኪም እጅ ጽሕፈት፣ በእንግሊዝኛ ተሞልቷል። የመጀመሪያው ቃል አልነበብ አለኝ። ቀጥሎ ያለው «ካርሲኖማ» ይላል፣ ካንሰር ማለት ነው፤ መካከሉ ላይ ቀለሙ እምቢ ብሎ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ተረግጧል። ከሥሩ ደግሞ «ማስቴክቶሚ»። እብጠቱን ሊያወጡ ሳይሆን ጡቴን በሙሉ ሊያነሡ ነበር። እኔ በሌለሁበት ተስማምተውልኛል።

አልፈረምሁም። ሐኪሙ ተጠራ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ይህም የበለጠ አናደደኝ፤ ባለጌ ቢሆን ኖሮ ጩኸቴ ቦታ ያገኝ ነበር።

«ቤተሰብዎ እንዳይነገርዎት ስለ ጠየቁን ነው።»

«ጡቱ የማን ነው?»

«እርስዎም ያውቁታል፤ ባህላችን ነው።»

ይህን መልስ እስከ ዛሬ አልዋጥሁትም። መርዶ ለማርዳት ሰዓትና ሰው የምንመርጥ ሕዝብ መሆናችንን አውቃለሁ፤ ደግ ሥርዓት ነው። ነገር ግን መርዶ የሚረዳው ለቋሚ ነው። እኔ የራሴን መርዶ በሰው ፊት ላይ ሳነብ ነው የከረምሁት። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 399 ሐኪምን በሥራው ያወቀውን ምስጢር እንዲጠብቅ ያስገድደዋል፤ በዚያ ኮሪደር ላይ ግን ምስጢሩ ለሁሉም ተነግሮ የተጠበቀው ከእኔ ነበር። ማወቅ የማይፈልግ ታማሚ አለ፤ መብቱ ነው። ቢሆንም ራሱ ይጠየቅ፤ ወንድሙ አይመልስለት።

ወንድሜን በዚያው ተጣላሁት።

«እንዳትደነግጪ ብለን ነው» አለኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ እንዳልደነግጥ እናንተ ሁላችሁ ደንግጣችሁ ሞታችሁ የለም እንዴ?»

እናቴ ጥግ ላይ ሆና «እኔንስ መቼ ነገሩኝ፤ በስልክ ድምፁን ሰምቼ ነው የመጣሁት» አለች። እሷም በአንድ ቤት ውስጥ ሌላ ውሸት ስትመገብ ኖራለች፤ ለእሷ «የደም ማነስ ነው» ብለዋት ነበር።

ቀዶ ጥገናው እንዲዘገይ ጠየቅሁና ሐኪሙ በማግስቱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ በወረቀት ላይ ሥሎ አስረዳኝ። ስሙ ይህ ነው፣ ደረጃው ሁለት ነው፣ በብብት ሥር ያሉት ንፍፊቶች ተወስደው ይመረመራሉ፣ ከዚያ ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒት በየ21 ቀኑ ይሰጣል፣ እባጩ ሆርሞን ተቀባይ ከሆነ፣ ማለትም በሰውነት ሆርሞን የሚያድግ ከሆነ፣ ታሞክሲፈን የሚባል እንክብል በቀን አንድ ቢያንስ ለ5 ዓመት ይዋጣል። ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ ብል የሚያምነኝ የለም፤ ግን ወሰደኝ። በሽታው አልተለወጠም። ስምና የጊዜ ሰሌዳ ብቻ ነው ያገኘው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ናሙና ከመሰጠቱ በፊት፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ለሐኪሙ «ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ለእኔ ይነገረኝ፣ ከእኔ ፈቃድ ውጭ ለማንም አይነገር» በሉና ካርዱ ላይ ሲጽፍ ቆማችሁ እዩ። በቃል ከነገራችሁት ተረኛው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። የፓቶሎጂውን፣ ማለትም የናሙናውን ምርመራ ውጤት፣ ወረቀት ቅጂ ራሳችሁ ያዙ። የሆርሞን ተቀባይ ምርመራው መሠራቱን ጠይቁ፤ ለብቻው የሚከፈልበት ቦታ ስላለ ሳይሠራ ሊቀር ይችላል፣ ያለ እሱ ደግሞ እንክብሉ ይጠቅማችሁ አይጠቅማችሁ አይታወቅም። ከዚያ «ባልታከም ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሞች ይህን ጥያቄ አይወዱትም፤ ፍርሃቴን ልክ ያስያዘው ግን የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ኬሞውን እንደሚያወሩት አላወራም። ቀዩ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን የሚሉት፣ ሽንትን ቀይ ያደርጋል፤ ደም መስሏችሁ እንዳትጮኹ። ጠጉር ይረግፋል፤ ሳይረግፍ ተላጩት። ቴርሞሜትር ግዙ፤ ሙቀታችሁ 38 ካለፈ ነጭ የደም ሕዋስ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው፣ «እስኪነጋ ልይ» የሚባል ነገር የለም። እናቴ ጠበል ትሂድልኝ አለች፣ ሄድሁ፣ ተጠመቅሁ፤ መድኃኒቴን ግን አላቋረጥሁም። «ከጠበል ጋር መድኃኒት አይሄድም» ያለችኝን አንዲት ሴት የንስሐ አባቴ ራሳቸው ገሥጸውልኛል።

ስለ ሞት የተነጋገርነው በኬሞው መካከል ነው፤ እዚህ ላይ ቤተሰቤ በሙሉ ተነሣብኝ። ኑዛዜ ልጽፍ ነው ስል ወንድሜ «ሟርተኛ» አለኝ። አባቴ ቤቱ ለማን እንደሚሆን በንስሐ አባቱና በአንድ ጎረቤት ፊት በቃሉ ተናግሮ ነበር፤ እንባችን ሳይደርቅ ፍርድ ቤት የቆምነው በዚያ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜ ስለ ቀብር፣ ስለ ልጆች አሳዳሪና ከ500 ብር ስላልበለጠ ስጦታ ካልሆነ አይሠራም፤ በ3 ወርም ይፈርሳል። ቤት በ500 ብር! ይህን እያወቀ ወንድሜ ሟርት ይለኛል።

በእጃችሁ የምትጽፉት ኑዛዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሳችሁ ጽሕፈት ሊሆን፣ ኑዛዜ መሆኑን ሊናገር፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ሊኖረው ይገባል፤ በ7 ዓመት ውስጥ በሥልጣን ባለው አካል ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። እኔ ይህን አልመክርም፤ አንድ ገጽ ላይ ቀን ቢዘነጋ ከንቱ ልፋት ነው። በግልጽ የሚደረገው በናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ሁሉም ይፈርሙበታል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄጄ ጨረስሁት። ባለቤቴ በሕይወት ስለሌለ ዋናው ጉዳዬ ልጄን ማን ያሳድጋል የሚለው ነበር፤ የጻፍሁት ስም የወንድሜ ነው። ይህን ሲሰማ ሟርቱን ተወ።

ለልጄም ራሴ ነገርኋት። «ትሞቻለሽ?» አለችኝ። «አሁን አይመስለኝም፤ የሚያሰጋ ነገር ከመጣ ግን ከማንም በፊት የምትሰሚው አንቺ ነሽ» አልኋት። ሰው ሰምቶ ጨካኝ አለኝ። ልጅቷ ግን በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄደች፤ እኔ በአባቴ ጊዜ ከክፍል ሸሽቼ በር ላይ ጆሮዬን እንደምለጥፈው አልሆነችም።

ሕመሙ ቢጠናብኝ ቤት ውስጥ መሆን እንደምፈልግ፣ ሥቃዩን ማስታገሻ ሞርፊን እንዳይከለክሉኝ «ሱስ ይሆንባታል» ብለው፣ ይህንንም ጽፌ አስቀምጫለሁ። ለካንሰር ሥቃይ በአፍ የሚሰጥ ሞርፊን አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ መጥቶ ሕመምተኛ ይንከባከባል። ይህን ያወቅሁት ጠይቄ እንጂ የነገረኝ ኖሮ አይደለም።

አሁን ታሞክሲፈን ላይ ነኝ። ክትትል ሲደርስ ፍርሃቱ ይመለሳል፤ ጠፋ የሚላችሁን አትመኑ። ለውጤት የምሄደው ብቻዬን ነው፣ ጠዋት፣ የዕለቱን ሥራ ሰርዤ። ከዚያ ለወንድሜ እደውላለሁ፤ የሚሰማው ከእኔ አፍ ነው፣ እስካሁንም በዚህ እንደተቀየመ ነው።

በቀደም ካርድ ክፍሉ ውስጥ የተመዘገበው ስልክ አሁንም የእሱ መሆኑን አየሁ። ይቀየርልኝ አልሁ። «አዲስ ካርድ ካላወጡ አይቀየርም» አሉኝ። ከፍዬ አዲስ አወጣሁ።