ሙዚየም ጎብኚዎች ላይ ጥናት ከመጀመራችሁ በፊት የፈቃዱን ነገር ጨርሱ

ይሄን የምጽፈው እኔ ስጀምር የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ለመመረቂያ የመረጥኩት ርዕስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ጎብኚ ምን ያያል፣ የት ይቆማል፣ ምኑን ሳያይ ያልፋል የሚል ነበር፣ እና የነገርኩት ሰው ሁሉ "ቀላል ነው፣ መጠይቅ ትበትኛለሽ፣ ትሰበስቢያለሽ፣ አለቀ" ነው ያለኝ። አያልቅም። መጠይቅ የሰውን ይሉኝታ ነው የሚለካው፣ እግሩ የት የት እንደሄደ አይነግራችሁም።

ይሄ ደሞ ድሮም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ድሬስደን ላይ የሠዓሊው የሆልባይን ናቸው የተባሉ ሁለት ተመሳሳይ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲታዩ ጉስታቭ ፌክነር የሚባል ጀርመናዊ ሳይንቲስት መዝገብ አስቀምጦ አስተያየታችሁን ጻፉልኝ አለ፣ ከ11,000 በላይ ሰው ገብቶ የጻፈለት 113 ሰው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ሮቢንሰን፣ ቀጥሎም አርተር ሜልተን ጥያቄውን ትተው ሰዓትና ወረቀት ይዘው ጎብኚውን ራሱን መከታተል ጀመሩ። ሜልተን ካያቸው ነገሮች ሁለቱ እኔም አዳራሽ ውስጥ በዓይኔ ያየኋቸው ናቸው፦ ሰው ሲገባ አብዛኛው ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ክፍት የመውጫ በር ካየ ደሞ በሩ ይስበዋል።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልበለው። የአዳራሹን ፕላን ሳሉ፣ እያንዳንዱ ኤግዚቢት (ለእይታ የተቀመጠ ነገር) ላይ ቁጥር ጻፉ፣ ኮፒ አድርጉት፣ ለአንድ ጎብኚ አንድ ወረቀት። ማንን እንደምትከተሉ ደስ ባላችሁ አትምረጡ፣ መግቢያው ላይ በሃሳባችሁ መስመር አስምሩና የያዛችሁትን ወረቀት ስትጨርሱ መስመሩን መጀመሪያ ያለፈውን አዋቂ ሰው ውሰዱ። ሁለት እግሩን ተክሎ ወደ ኤግዚቢቱ ዞሮ ሁለት ሦስት ሰከንድ ካየ ቆሟል፣ እየተራመደ ገልመጥ ካደረገ አልቆመም። የትምህርት ቤት ቡድን ለብቻው ይሁን፣ መንገዱን የመረጠው አስተማሪው እንጂ ልጆቹ አይደሉም። በቃ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ፈቃዱ። የትብብር ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ከረመ፣ እሺ እሱን ለመድነው። የሙዚየሙ ቢሮ ሰዎች ሲፈርሙልኝ ግን ቅድመ ሁኔታ አስገቡበት፦ የምከታተለው እያንዳንዱ ሰው አዳራሽ ከመግባቱ በፊት ምን እንደምሰራ ተነግሮት ሙሉ ስሙን ጽፎ ይፈርማል፣ እኔም "ተመራማሪ" የሚል ባጅ ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ እቆማለሁ። ኃላፊው ቢሮ ገብቼ እንዲህ ከሆነ ጥናቱ ይበላሻል ብዬ አስረዳሁ፣ "እህቴ፣ ሰው ሳያውቅ መከታተል ስለላ ነው" አሉኝ። እኔም እኮ የጎብኚው ክብር ያሳስበኛል! ግን ስም አልጽፍም፣ ፎቶ አላነሳም፣ የምጽፈው የትኛው ቁጥር ላይ ስንት ሰከንድ ቆመ የሚለውን ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ጥናት የተለመደው መግቢያው ላይ ጥናት እየተካሄደ መሆኑን የሚናገር ማስታወቂያ ሰቅሎ፣ የማይፈልግ ሰው እንዲናገር መንገዱን ክፍት ማድረግ ነው። እንደውም የሳቸው ፎርም ነው የሰውን ስም ከእንቅስቃሴው ጋር አንድ ፋይል ውስጥ የሚያስገባው፣ ምስጢር የሚጠበቀው እንደዚህ ነው እንዴ? አልሰሙኝም፣ "መመሪያው እንደዛ ነው የሚለው" ብለው ዘጉት፣ መመሪያውን አሳዩኝ ስል ግን የሚያሳየኝ አላገኘሁም።

እሺ ብዬ በነሱ መንገድ ጀመርኩ። የፈረመ ሰው ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ ይሆናል። የማዕድናቱ ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉንም መግለጫ ከላይ እስከ ታች እያነበበ በመሃል ቀና ብሎ እኔን ያያል። አንድ አባት ልጁን "እየታየን ነው፣ ጸጥ በል" ሲለው ሰማሁ፣ ልጁ እኮ ስለ አጽሙ ሊጠይቀው ነበር፣ እኔ የመጣሁት ደሞ በትክክል ለዛች ጥያቄ ነበር። አንዲት ትልቅ ሴት ጨርሰው ሲወጡ ወደኔ መጥተው "ልጄ፣ በደንብ አየሁልሽ?" አሉኝ። ይሄን ስሰማ ወረቀቱን መቅደድ ነው ያማረኝ። ከዚህ የባሰው ደሞ እምቢ የሚሉት እነማን እንደሆኑ ነው፣ በአንድ እጁ ልጅ በሌላው ቦርሳ የያዘ ወላጅ ቆሞ ፎርም አይሞላም፣ ስለዚህ ለተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ዋነኛ ጎብኚ የሆነው ቤተሰብ ከናሙናው እየወጣ ብቻውን የመጣ ትርፍ ጊዜ ያለው አዋቂ ብቻ ቀረልኝ።

ቁጥሩን ሳሳያቸው ቢሮው ደስ አለው። "አየሽ፣ ጎብኚያችን መግለጫ ያነባል" ተባልኩ፣ ለዓመታዊ ሪፖርት እንድሰጣቸውም ጠየቁኝ። አልሰጥም አልኩ። ቤቨርሊ ሰረል የምትባል አሜሪካዊት የሙዚየም ተመራማሪ ከመቶ በላይ ኤግዚቢሽኖች የተሰበሰበ የክትትል ዳታ አነጻጽራ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ያወጣችውን ይዤ ሄድኩ፣ አብዛኛው ጎብኚ አንድ ኤግዚቢሽን ውስጥ ከ20 ደቂቃ በታች ነው የሚቆየው፣ የሚቆመውም ከኤግዚቢቶቹ ሲሶ ገደማው ላይ ነው፣ የኛ ጎብኚ እንዴት ሁሉንም ሊያነብ ቻለ? መልስ የለም። በመጨረሻ የትምህርት ክፍሉ ሰዎች ከኔ ጋር ቆመውልኝ በማስታወቂያ እንዲሆን ተፈቀደ፣ ያ ሁሉ የተፈረመበት ዳታ ግን ለዋናው ትንተና አይሆንም፣ የባከነው ጊዜ አሁንም ያናድደኛል።

ከዛ በኋላ አዳራሹ ሌላ ሆነ። ሰው ትልቁ አጽም ጋ ይሰበሰባል፣ ድንጋዮቹን ሳይቆም ያልፋል፣ መግለጫ የሚያነበው ልጅ ሲጠይቀው ነው፣ እሱንም መልሱን እስኪያገኝ ድረስ ብቻ። ልጆቹ ደጋግመው የሚጠይቁት ደሞ ስለ ዝርያው ስም አይደለም፣ "እውነተኛ ነው?" እና "ማን ገደለው?" ነው። ለነዚህ መልስ የሚሰጥ መግለጫ አልነበረም። ቺካጎ ፊልድ ሙዚየም ያለችው ሱ የምትባለው ቲራኖሳውረስ (ሥጋ በል ዳይኖሰር) አጽሟ 90 በመቶ ያህል የተሟላ ቢሆንም አጽሟ ላይ የተገጠመው ጭንቅላት ቅጂ ነው፣ እውነተኛው ለመስቀል ስለሚከብድ ለብቻው ነው የሚታየው፣ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ለጎብኚ በግልጽ መንገር እኮ ጥያቄውን ማክበር ነው።

በጣም የምኮራበት የነፍሳቱ ጉዳይ ነው። የነፍሳቱ ሳጥኖች መውጫው በር አጠገብ ነበሩ፣ ቢሮው በድሮ መጠይቅ ማንም ስላልጠቀሳቸው "ሰው ነፍሳት አይወድም" ብሎ ሊያነሳቸው ነበር። ወረቀቶቼ ላይ ግን የጎብኚው መንገድ እዛ ሲደርስ በሩ ነው የሚወስደው፣ ሰው ሳጥኖቹን መች አያቸውና ይጠላቸዋል? ለሙከራ አንዱን ሳጥን ወደ መሃል በልጅ ቁመት አስቀመጥንላቸው፣ ልጆች ከበቡት፣ ወላጆችም አብረው አጎነበሱ። ሳጥኖቹ አልተነሱም።

አማካሪዎች ናሙና አብዙ ይላሉ። እኔ አልስማማም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ የተሰበሰበ ብዙ ወረቀት ከሚኖራችሁ በሥራ ቀን፣ በበዓል፣ ጠዋትና ማታ የተከፋፈለ ያነሰ ይሻላችኋል። ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጡ የሚለውን የእርካታ ጥያቄ ደሞ ተዉት፣ ሰው ለጨዋነት 5 ይሰጣል። መውጫው ላይ "ቤት ስትገቡ ለሰው ምን ትነግራላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁና ዝም ብላችሁ ስሙ። ጥበቃዎቹንም አናግሩ፣ የትኛው መስታወት ላይ የልጅ አፍንጫ ምልክት እንደሚበዛ ከኃላፊዎቹ በላይ ያውቃሉ።

ያ የፊርማ ፎርም አሁንም ቢሮው ውስጥ አለ፣ የሚቀጥለውም ተማሪ ይሰጠዋል። ስለዚህ ፕሮፖዛላችሁ ላይ ከመጀመሪያው የማስታወቂያውን ጽሑፍ አስገቡ፣ ደብዳቤው ሲፈረም አብሮ ይፈረም። የኛ እንዲህ ይላል፣ ቅዱት፦ "ዛሬ በዚህ አዳራሽ ጎብኚዎች ኤግዚቢሽኑን እንዴት እንደሚጠቀሙ ጥናት እየተካሄደ ነው። ስም አንመዘግብም፣ ፎቶ አናነሳም። በጥናቱ መካተት ካልፈለጉ መግቢያው ላይ ላለው ሠራተኛ ይንገሩ።" በትልቅ ፊደል፣ ከትኬት መቁረጫው አጠገብ፣ ሰው ተሰልፎ በሚቆምበት ቦታ ስቀሉት።