የእትዬ ምጣድና የእኔ 185 ዋት

ግራፊክስ ካርድ፣ ያ ኮምፒውተር ውስጥ ሥዕሉን የሚሠራው ዕቃ፣ ልገዛ ነው ብላችሁ አንዴ አፋችሁን ክፈቱ እንጂ መካሪ አይጠፋም። ፑል ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ኢንጂነር ይሆናል። «3060 የሚባለው ካርድ ካልሆነ ባትደክም ይሻልሃል» ይላል አንዱ። «ለምን? 1060 ይበቃዋል፣ ብር አታባክን» ይላል ሌላው። ኮምፒውተር የሌለው ልጅ ደግሞ «ዋናው ራሙ ነው» ብሎ ይደመድማል። ዋናውን ጥያቄ ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም፦ የተከራየህበት ግቢ ውስጥ ምጣድ መቼ መቼ ነው የሚሰካው?

ጣጣውን ያመጣብኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ከውጭ ሲመጣ ኩዌስት 2 የሚባለውን፣ ዓይን ላይ ተጠልቆ ጌሙ ውስጥ የሚያስገባ የቪአር ሄድሴት ይዞልኝ መጣ። ሄድሴቱ ለብቻውም ይሠራል፤ ውስጡ የስልክ ዓይነት ፕሮሰሰር አለው። እኔ ዓይኔን የጣልኩባቸው ጌሞች ግን የኮምፒውተር ናቸው። እነሱን ለመጫወት ሄድሴቱን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ነው፤ ያኔ ሥዕሉን የሚሠራው የኮምፒውተሩ ካርድ ይሆናል። የእኔ ኮምፒውተር ደግሞ ድሮ ፎቶ ኮፒ ቤት ያገለገለ ነው። ኤክሴል ሲከፍት እንኳ ያቃስታል።

ቪአር ላይ ካርዱ የሚሥለው ለሁለት ዓይን ነው። ለእያንዳንዱ ዓይን 1832 በ1920 ነጥብ። 90 ሄርዝ ላይ ከሆነ ይህንን በሴኮንድ 90 ጊዜ። ለአንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ 11 ሚሊሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው። ቴሌቪዥን ላይ ኳስ ስትጫወቱ ትንሽ ቢቆራረጥ ተሳድባችሁ ታልፋላችሁ። እዚህ ግን አንገታችሁ ዞሮ ሥዕሉ ከዘገየ የሚፈርደው ሆዳችሁ ነው። ምሳ የበላችሁት ሽሮ መውጫ ይፈልጋል።

ኪሴን ዳሰስ አድርጌ ያገለገለ ፍለጋ ገባሁ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ አርኤክስ 580 የሚባል ካርድ አገኘልኝ፣ ባለ 8 ጊጋ። ሻጩ ምን ቢለው ጥሩ ነው?

«ሴት ናት የተጠቀመችበት።»

ያቺ መኪና ሲሸጥ የምትባል ነገር ግራፊክስ ካርድ ድረስ መድረሷን አላውቅም ነበር። «ምን ሠራችበት?» ሲለው «ወርድ» አለ። ለወርድ! ኢቴሪየም የሚባለው ክሪፕቶ፣ ማለትም የኢንተርኔት ገንዘብ፣ መስከረም 2015 ላይ በካርድ እያሰሉ ማግኘቱ፣ እነሱ «መቆፈር» የሚሉት፣ ሲቀር፣ ሌት ተቀን ሲቆፍሩ የኖሩ ካርዶች በየአገሩ ገበያው ላይ ፈሰሱ። ይቺም ከእነሱ አንዷ ሳትሆን አትቀርም ብዬ ጠረጠርኩ። ዋጋዋን ስሰማ ግን ጥርጣሬዬን ዋጥ አደረግኩት።

ጓደኛዬ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ላከልኝ። በስፖንጅ ተጠቅልላ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ገብታ፣ የአባይን በረሃ ወርዳ ወጥታ ደብረ ማርቆስ ደረሰች። ረዳቱ ሲያስረክበኝ «የፍሪጅ ዕቃ ናት?» አለኝ። አዎ አልኩት። ላስረዳው ብጀምር መናኸሪያው ይዘጋብን ነበር።

ሰክቼ ሳያት፣ እውነትም ቆፋሪ ነች። ፍጥነቷ 1340 ሜጋኸርዝ ገደማ መድረስ ሲገባው 1100 ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች። ቆፋሪዎች የሚፈልጉት የሜሞሪውን ፍጥነት ነው፤ ዋናውን ቺፕ መብራት እንዳይበላባቸው ያወርዱታል። ይህንንም ስትነሳ የምታነበው መመሪያ፣ ባዮሷ ላይ ጽፈውባት ኖሯል። ደግነቱ የእኔዋ ሞዴል ባለ ሁለት ባዮስ ናት። ጠርዟ ላይ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣ ከአንዱ ባዮስ ወደ ሌላው የምታዞር ማብሪያ አለች። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ በስክሪፕቶ ጫፍ ገፋ አደረግኳት። ቀጭ አለች። ስትነሳ 1340! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ማስተካከሉ መጣ። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዱ ለካርድ ጥሩ ነው፣ አየሩ ግን ስስ ነው። ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር እየገፋ ስለሆነ፣ ስስ አየር ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ካርዷ 80 ዲግሪን አለፈች፤ ፋኖቿ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኹ። ቮልቴጇን ከ1150 ሚሊቮልት ጥቂት በጥቂት እያወረድኩ 1070 ላይ አቆምኳት። ፍጥነቷ ሳይቀንስ ሙቀቷ ወረደ። ሄርዙንም ከ90 ወደ 72 ዝቅ አደረግኩት፤ ያኔ ለአንዱ ሥዕል 14 ሚሊሴኮንድ ያህል ታገኛለች። የፑል ቤቱ ኢንጂነሮች ሳቁብኝ። ይሳቁ። 90 ብሎ ጀምሮ 60 ላይ ከሚደነቃቀፍ፣ 72 ላይ ፍንክች የማይል ይሻለኛል። በመጨረሻ አየር እንዲገባት የኬዙን የጎን ክዳን ፈትቼ ኮምፒውተሩን በጎኑ አጋደምኩት። ይቺን ክዳን ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

ማታ ማታ ካርዷ ወርቅ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ግን ድርግም! ኮምፒውተሩ ራሱ ይጠፋል። ቮልቴጅ የቀነስኩባት ተቀይማ ይሆናል ብዬ መለስኩላት። ካርዷን የሚያዝዘውን ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩን፣ እንደ አዲስ አወረድኩ፣ የኢንተርኔት ጥቅሌ አለቀ። ማታ ሰላም፣ ቅዳሜ ጠዋት ድርግም። ካርዷ ሰንበት ታከብራለች እንዳልል፣ እሑድ ከሰዓት ትሠራለች።

ምስጢሩ የተገለጠበትን ቅዳሜ ግቢው በሙሉ ያስታውሰዋል። ገደል እየቧጠጡ የሚወጡበት ጌም ላይ ነኝ። ላቤ ጠብ ጠብ ይላል። ድምፁን ለቅቄው ስለነበር አከራዬ እትዬ ሲያንኳኩ አልሰማሁም። እሳቸው ደግሞ ምጣዱን ለልጃቸው ትተው፣ ተከራዩ ቁርስ አልበላም ብለው፣ ትኩስ እንጀራ በሰፌድ ይዘው ገብተዋል። የመጨረሻዋን ድንጋይ ልይዝ ሁለት እጄን ወደ ላይ ስወረውር ሥዕሉ ደረቀ፣ ከዚያ ጨለመ። በጨለማው ውስጥ በእጄ የያዝኩት ኮንትሮለር አንድ ነገር ሲያነሳ ተሰማኝ። ሰፌዱን ከሥሩ ነበር ያገኘሁት።

አንዱ እንጀራ ጭንቅላቴ ላይ፣ ከነሄድሴቱ። ሁለተኛው ክዳን የሌለው ኬዝ ላይ ተነጠፈ። ግማሹ ወደ ውስጥ ሰምጦ የካርዷን ፋኖች አለበሳቸው። ካርዷ ገና ትኩስ ስለነበረች እንፋሎቱ መውጣት ጀመረ።

«በስመ አብ ወወልድ! ኧረ ልጁን ያዙልኝ!»

እንጀራውን ከዓይኔ ላይ ሳነሳ የእትዬ ባል ጋሼ፣ ልጃቸውና የጎረቤት ሰው በር ላይ ቆመዋል። «ምንም አልሆንኩም እትዬ፣ ገደል እየወጣሁ ነበር» አልኩ። ባልናገር ይሻል ነበር። «ነገ ጠዋት ጠበል ትገባለህ፣ ቅዱስ ማርቆስን!» አሉ።

የሚገርመው ምስጢሩን የፈቱት ጋሼ ናቸው። «መብራቱ እኮ ምጣድ በተሰካ ቁጥር ይደክማል» አሉ፣ አምፖሉን በዱላቸው እያሳዩ። «ቀይ ይሆናል። አታይም እንዴ?»

አላይማ! ግቢው ሁሉ የሚያየውን መብራት ሄድሴት ያጠለቅኩት እኔ ብቻ ነኝ የማላየው። ምጣዱ 3 ሺህ ዋት አልፎ ይስባል፤ ያው በአንድ ቆጣሪ ነን። ኃይሉ በወረደበት ሰዓት እኔ የገደሉ አፋፍ ላይ ስደርስ ካርዷ ሙሉ ጉልበቷን ትጠይቃለች፣ ኮምፒውተሩን መብራት የሚያበላው ርካሹ ፓወር ሰፕላዬ እጁን ይሰጣል።

«ይህቺ ሳጥን ስንት ትበላለች?» አሉ እትዬ።

«ካርዷ 185 ዋት ናት። ከምጣዱ ጋር ስትተያይ ምንም ማለት ናት።»

«ስንት እንጀራ ታወጣለች?»

ምን ይባላል?

ስምምነት አደረግን። እትዬ ምጣድ ከመሰካታቸው በፊት «ልሰካ ነው!» ብለው ይጣራሉ፣ እኔ ከገደሉ እወርዳለሁ። ለካርዷ የቀረው የጽዳት ሥራ ነበር፤ እንጀራ ሲደርቅ ከፋን ምላጭ ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። በስቴኪኒ ስለቅም አደርኩ። ስትነሳ ትንሽ እርሾ እርሾ ሸተተች እንጂ ደህና ናት።

ከጠበሉ ያመለጥኩት ሄድሴቱን ለእትዬ በማሳየት ነው። ወንበር ላይ አስቀምጬ ተራራው አናት ላይ አወጣኋቸው። ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ዙሪያቸውን ቃኙ። «ይኼ ጮቄ ነው?» አሉ። ፑል ቤት ያሉት ጎረምሶች የሚያዞራቸውን ቁልቁል እሳቸው አጎንብሰው «ገብስ ይወጣዋል» አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ «ልሰካ ነው» የሚለውን ድምፅ ብጠብቅ ብጠብቅ ጠፋ። በኋላ ልጃቸው መጣች። «እማዬ ዛሬ አልጋግርም ብላለች። መብራቱ ለተራራው ይሁን፣ ቶሎ አስነሳልኝ አለች።»

ጋሼ የዚያን ቀን ምሳ ዳቦ በሻይ በሉ። እስካሁን ሰላምታዬን በጭንቅላታቸው ብቻ ነው የሚመልሱት።