እምቢ ያለ ፕራይመር

ዛሬ ያመሸሁት ለጠመንጃ ቀለሃ ፕራይመር ሳስቀምጥ ነው። ተተኩሶ የተረፈን ቀለሃ መልሶ በመሙላት ሥራ ውስጥ እንደዚህ ቀልብ የሚፈልግ ደረጃ ያለ አይመስለኝም። ባሩዱን ሚዛን ይነግረኛል። የጥይቱን ርዝመት መለኪያ ይነግረኛል። ፕራይመሩ እንዴት እንደገባ ግን ቀድሞ የሚያውቀው እጄ ነው።

ፕራይመር በቀለሃው ቂጥ መሃል ባለ ጉድጓድ ውስጥ የምትገባ ትንሽ የብረት ቆብ ናት። ውስጧ ሲመታ የሚቀጣጠል ቅመም አለ። ከቅመሙ ሥር ደግሞ እግር ያላት ትንሽ ብረት አለች። የጠመንጃው መምቻ ቆቡን ሲመታ ቅመሙ በሁለቱ መሃል ይጨፈለቅና እሳቱን ወደ ባሩዱ ይልካል። ለዚህ ግን የዚያች ብረት እግሮች የጉድጓዱን ወለል መርገጥ አለባቸው። ካልረገጡ የመምቻው ጉልበት ፕራይመሩን ወደ ውስጥ በመግፋት ያልቃል። ቃታው ተስቦ ጥይቱ ዝም ሲል ብዙ ሰው ፕራይመሩን ያማል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አቀማመጡን ነው።

ዛሬ ጥቂት ቀለሃዎች እምቢ አሉኝ። አገላብጬ ሳያቸው የወታደር ናቸው። በእነዚህ ላይ ፋብሪካው ፕራይመሩ እንዳይወጣ የጉድጓዱን አፍ ጠርዝ ጨፍልቆ ያጠብቀዋል። ያ ጠርዝ ካልተነሳ አዲሱ ፕራይመር ተጣሞ ይገባል፤ አለዚያም ይጨፈለቃል። መፍትሔው ጠርዙን ብቻ መላጥ ወይም በመሣሪያ ገፍቶ ወደ ቦታው መመለስ ነው። መላጫው ጠልቆ ጉድጓዱን ካሰፋው ቀለሃው አበቃለት።

መጠኑንም አያለሁ። የትልቁ ፕራይመር ስፋት 5.3 ሚሊሜትር ገደማ፣ የትንሹ 4.4 ገደማ ነው። .308 የሚባለው የጠመንጃ ጥይት ቀለሃ በሁለቱም ዓይነት ስለሚሠራ፣ ከተቀላቀለ ጣጣ ነው። የጉድጓዱን ወለል የሸፈነ ጥቀርሻም ፕራይመሩን ከፍ ያደርገዋል።

ጥብቅ ሁሉ ግን ችግር አይደለም። አዲስ ቀለሃ ጠበቅ ይላል፤ እኔ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ፕራይመሩ ያለ ምንም ትግል ዘው ሲል ነው። የተኩስ ግፊት ጉድጓዱን አስፍቶታል ማለት ነው፤ ያንን ቀለሃ እጥላለሁ።

ጉልበት መጨመር የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም። በእጅ የሚያዘውን ማስቀመጫ የምመርጠውም ለዚህ ነው፤ ትልቁ የጥይት መሙያ ማሽን ጉልበቱ ስለሚበዛ እምቢታውን ይደብቅብኛል። ፕራይመር ሲጫን ሊፈነዳ ይችላል። የዓይን መከላከያ መነጽሬ ሳይኖር አልጀምርም። ከወትሮው በላይ ሲከብደኝ አቆማለሁ፣ አውጥቼ ምክንያቱን አያለሁ። በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ከገባ በኋላ በጣቴ እዳስሳለሁ። ከቀለሃው ቂጥ ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ያለ ፕራይመር በተለይ መምቻቸው ልቅ በሆነ ራስ-ጎራሽ ጠመንጃዎች ላይ አደገኛ ነው። ቃታ ሳይሳብ፣ ጥይቱ ሲጎርስ ሊተኮስ ይችላል። ባዶ ቀለሃ ላይ ካገኘሁት ቀስ ብዬ ድጋሚ እጫነዋለሁ። ባሩድና አረር ከገባ በኋላ ካገኘሁት ግን መጫን የለም። ጥይቱ ይፈታል።