ከግንፍሌ ድልድይ በታች

ኅዳር ገባ። ከሰኔ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ የማየው የአዲስ አበባ ቦይ፣ ከድልድዩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ግንፍሌ ወንዝ የሚገባው፣ ዛሬ ደርቆ አገኘሁት። የሰፈር ልጆች ጠጠሩ ላይ ሁለት ሁለት ድንጋይ አቁመው ኳስ ይጫወታሉ። ሳያቸው ድሬዳዋ ድቅን አለችብኝ።

ያደግኩት ደቻቱ ዳር ነው። የከተማዋን ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለያቸው ደቻቱ፣ ለእንግዳ ወንዝ ነው ቢሉት የማያምነው ሰፊ አሸዋ ነው። ውሃ ሳይኖረው ይከርማል። እኛም እንሻገረዋለን፣ እንነግድበታለን፣ ኳስ እንለጋበታለን። ታዲያ አንድ ቀን ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ተራራው፣ ደንገጎ በኩል ይጥልና ደራሽ ውሃ እያጓራ ይመጣል። የ1998ቱ ክረምት ጎርፍ ግን የመጣው ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። አብራኝ የተማረች ልጅ ከነቤተሰቧ ቀረች። ከዚያ ወዲህ የደረቀ ውሃ መውረጃ ሳይ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይከብደኛል።

አዲስ አበባ በረሃ አይደለችም፤ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። ግን አብዛኛው የክረምት ነውና ትንንሾቹ ቦዮች ጠባያቸው የደቻቱ ነው። ቁልቁለቱን አስቡት፦ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቦሌ 2,300 ገደማ፣ መሃላቸው ያለው ርቀት ደግሞ አጭር ነው። ቆርቆሮውና አስፋልቱ አንድ ጠብታ አይጠጡም። ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት አራት ኪሎ ፀሐይ ነበር፤ እንጦጦ ብቻ ጠቁሯል። ቁርጭምጭሚት የማይደርሰው ውሃ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረት የሚደርስ ሆነ። ሰዓቱን በደብተሬ ጻፍኩ፣ እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ምዝገባዬ ቀላል ነው፦ እንጦጦ ላይ ደመናው የጠቆረበት ሰዓት፣ ውሃው የደረሰበት ሰዓት፣ ግንቡ ላይ የወጣበት ከፍታ። ሁልጊዜም ከአንድ ቦታ ቆሜ ፎቶ አነሳለሁ። ዛሬ የገባኝ ግን ቦዩ ራሱ ከእኔ በተሻለ መመዝገቡን ነው። ጠፍጣፋ ድንጋዮቹ ልክ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው፣ የላይ ጫፋቸውን ወደ ውሃው መሄጃ ቀና አድርገው ተኝተዋል። በላያቸው የደረቀ ደለል ተሰነጣጥቋል፤ አንዱን ቅርፊት ሳነሳው ከሥሩ አሸዋ፣ ከአሸዋው ሥር ሌላ ደለል አለ። ሁለት ጎርፍ ማለት ነው። ቁጥቋጦው ላይ የተሰቀለው ፌስታል ደግሞ ከራሴ በላይ ነው። ያን ቀን እዚያ ቆሜ አልነበረም፤ ፌስታሉ ነገረኝ።

ያሳዘነኝ ነገርም አለ። ከላይ ቤት የሚያሠሩ ሰዎች የመሠረቱን አፈር ቦዩ አፍ ላይ እየደፉት ነው። ቀረብ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ደርቋል እኮ» አሉኝ፣ በቅንነት። እኛም ድሬ ላይ እንዲሁ ነበር የምንለው። ስለ ደቻቱ ነገርኳቸው፤ አንደኛው ወጣት አካፋውን ተደግፎ አዳመጠኝ፣ ሌሎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሌላም ከአእምሮዬ የማይወጣ ነገር አለ። ግንፍሌም ቀበናም ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፣ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አፋር ውስጥ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። አራት ኪሎ የሚዘንበው ዝናብ፣ በመንገድ ካልቀረ፣ ማደሪያው በረሃ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ጓሮዬ ያለው ቱቦ ሳይቀር ሌላ ነገር ሆኖ ይታየኛል።

ልወጣ ስል የድልድዩ አጠገብ ጥበቃ የሆኑት አባባ ጠሩኝ። «ልጄ፣ የምትለካው ውሃውን ከሆነ እኔን ጠይቀኝ» አሉ። በከዘራቸው ግንቡ ላይ አንዲት ጥርብ ድንጋይ አሳዩኝ። በእሳቸው ዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸፍናለች። የሜትሩን አንዱን ጫፍ እሳቸው ድንጋይዋ ላይ ያዙልኝ፣ እኔ ወደ ታች ወርጄ ሌላውን ጠጠሩ ላይ አኖርኩ። 2 ሜትር ከ40። አዲሱ የአፈር ክምር ከዚያ ውስጥ 60 ሳንቲሙን ወስዶታል። አባባ ቁጥሩን ደግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አነበብኩላቸው።